ቆርጬ የጣልሁት ድምፅ

የቴፕ ክሮቹ ባሕር ዳር ወዳለው ኮሌጃችን የመጡት በሦስት የእንጨት ሣጥን ተሞልተው ነው። ሐይቁ ዳር ባለ አንድ አሮጌ ቤት ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ፣ ከተሰባበሩ ወንበሮችና ከባዶ የመድኃኒት ጠርሙሶች ሥር ተቀብረው ኖረዋል። በጃንሆይ ጊዜ እዚያ ቤት አንዲት ፈረንጅ ነርስ ትኖር ነበር፤ የሚስዮን ሰው። ጠዋት ጠዋት በሽተኛ ታክማለች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰዎችን ፊቷ አስቀምጣ የወንጌል ታሪክ በየቋንቋቸው እያስነገረች ትቀዳ ነበር። አገውኛ አለ፣ ቅማንትኛ አለ፣ ኦሮምኛና ጉሙዝኛም አለ። ቤቱ ሊፈርስ ሲል ሣጥኖቹን ያገኛቸው ሰው ከመጣሉ በፊት ለኮሌጁ ደውሎ ጠየቀ። እግዜር ይስጠው፤ ባይደውል ኖሮ ዛሬ የምናገረው ነገር አይኖረኝም ነበር።

እኔ ያኔ የሬዲዮ ጣቢያ ሥራዬን ለቅቄ በኮሌጁ የድምፅ ባለሙያ ሆኜ ከተቀጠርሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነበር። ክሮቹን አንድ በአንድ እያጫወትሁ ወደ ኮምፒውተር እንድገለብጥ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ከሐይቁ በሚመጣው እርጥበት ብዙዎቹ ተበላሽተዋል። ማጫወቻው ላይ ሲዞሩ ድምፁን የያዘው ቡናማ ቅብ እንደ ዱቄት ይረግፋል። አንድ ጊዜ ይናገራሉ፣ ከዚያ በኋላ ባዶ ላስቲክ ናቸው። ለዚህም ነው ሥራውን ያሠለጠኑን ሰዎች አንድ ነገር አጥብቀው የነገሩን፦ መጀመሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገልብጡ፣ ሳልም የበር ድምፅም ቢሆን አትዝለሉ፤ መቁረጥ ካማራችሁ ከትርፍ ቅጂ ላይ ቁረጡ።

ይህን አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር የምልበት መንገድ የለኝም።

ነገሩ የተበላሸው በችኮላ ነው። ኃላፊዬ በየዓርቡ ስንት ክር እንደጨረስሁ ይጠይቀኛል። ክፉ ሰው አይደለም፣ እሱም ከበላዩ የሚጠይቀው አለው። የኮምፒውተሬ ሆድ ሞልቶ አዲስ ማስቀመጫ ከጠየቅሁ ወራት አልፈዋል፣ ግዢ ክፍል “በሂደት ላይ ነው” ከማለት በቀር መልስ የለውም። መብራቱም ይሄዳል ይመጣል። እና ቀስ በቀስ አንድ ልማድ አመጣሁ። ታሪኩ እንዳለቀ የቀረውን አዳምጬ ወሬና ኮሽታ ብቻ ከሆነ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ዋና ቅጂ እቆርጥና አጠፋለሁ። ቦታ አገኛለሁ፣ ሌላ ክር እጭናለሁ።

ያን ቀን ሐሙስ ነበር። በመስኮቱ የሐይቁ ነፋስ እየገባ ወረቀቶቼን ይበትንብኝ ስለነበር ተነሥቼ እዘጋና እመለሳለሁ። የጆሮ ማዳመጫው አንገቴ ላይ ነው፣ ግማሽ ልቤ ወረቀቱ ላይ። አንዲት ሴት በአገውኛ ታሪኳን ጨረሰች። ትንሽ ዝምታ ሆነ፤ ከዚያ አንድ ሕፃን ማሳል ጀመረ። አይቆምም፤ ትንፋሽ እስኪያጥረው ያስላል። ወንበር ተገፋ። ሴትዮዋ ከመቅጃው ራቅ ብላ መናገር ጀመረች፣ ፈረንጇም በተሰባበረ አማርኛ አንድ ነገር አለች። ወደ ስምንት ደቂቃ ይሆናል። አገውኛ አልችልም። ሰዓቴን አየሁ፣ ለምሳ መውጣት ነበረብኝ። ስምንቱን ደቂቃ ቆርጬ አጠፋሁት።

ከዚያ በኋላ ረሳሁት። አንድ ዓመት ግድም ሙሉ ለሙሉ ረስቼው ኖርሁ።

በጥቅምት ወር የከተማው ሬዲዮ ስለ ሥራችን ፕሮግራም ሠርቶ ከቅጂዎቹ ጥቂት ጥቂት አሰማ። በሳምንቱ የግቢው ዘበኛ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ፣ “አንዲት እናት ይፈልጉሻል፤ ስለ ሬዲዮው ነው ይላሉ” አለኝ። ወጥቼ አስገባኋቸው። ቀጠን፣ ረዘም ያሉ፣ ነጠላቸውን በደንብ ያጣፉ እናት ናቸው። ከፋብሪካ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ የሚኖሩት ዘንዘልማ ነው። ሚኒባስ ተሳፍረው፣ ቀሪውን በባጃጅ መምጣታቸውን ነገሩኝ። ወንበር ስሰጣቸው ገና ሳይቀመጡ፦

“ያቺ በሬዲዮ አገውኛ የተናገረችው እናቴ ናት” አሉ።

“በምን አወቁ፣ እማማ?”

“የእናትሽ ድምፅ ይጠፋሻል እንዴ?”

ቅጂውን ፈልጌ በትልቁ ድምፅ ማጉያ ከፈትሁላቸው። የሞተችው ልጅ ከእንቅልፍ እንደምትነሣ ሆና የተነሣችበት ታሪክ ነው። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ወለሉን እያዩ፣ ሳይነቃነቁ ሰሙት። ሲያልቅ ቀና ብለው አዩኝ።

“ቀጥይበታ።”

“አልቋል፣ እማማ።”

“አላለቀም። የእኔው ገና ነው።”

እና ነገሩኝ። ያኔ ሰባት ዓመት ግድም ቢሆናቸው ነው። ከአገው ምድር ተነሥተው ባሕር ዳር ከገቡ ዓመት አልሞላቸውም ነበር፤ ትክትክ ያዛቸው። እናታቸው ወደ ፈረንጇ ወሰዷቸው፣ መድኃኒት ሰጠቻቸው። እናትየው ውለታዋን በምን ልመልስ ቢሉ፣ ታሪኩን በአገውኛ ተናገሪልኝ አለቻቸው። ማንበብ ስለማይችሉ ቀናት ፈጅተው በቃላቸው አጠኑት።

“እኔን ጥግ አስቀመጡኝና እንዳታስይ አሉኝ” አሉ እማማ። “የቀሚሴን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ታገሥሁ። ታሪኩ እንዳለቀ ሳሉ ፈነዳብኝ። እናቴ ሮጣ አነሣችኝ። ብዙ ነገር አለችኝ፣ ረጅም ነገር። ፈረንጇ ለካ የመቅጃውን መኪና አላጠፋችውም። ኋላ መልሳ ስታሰማን የእኔ ሳል ከዚያ ሣጥን ሲወጣ ጊዜ ሁላችንም በሳቅ ሞትን።”

“ምን አሉዎት ታዲያ እናትዎ?”

“እሱን ብዬ ነው የመጣሁት ልጄ። የድምጿ አወራረድ ትዝ ይለኛል፣ ቃሉ ግን ጠፍቶብኛል። እዚህ አደግሁ፣ ፋብሪካ ገባሁ፣ ልጆቼንም በአማርኛ አሳደግሁ፤ አገውኛዬ ከላዬ ላይ አለቀ። ብሰማው ግን የሚያውቅ ሰው ፈልጌ አስተረጉመዋለሁ ብዬ ነው።”

እየተናገሩ ሳሉ ያ ሐሙስ መጣብኝ። ሳሉ፣ የተገፋው ወንበር፣ ከሩቅ የሚሰማው ንግግር። ጆሮዬ ውስጥ እንደ አዲስ ሰማሁት። ያኔ እውነቱን መናገር እችል ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

“እዚያ ላይ ክሩ ተበላሽቷል፣ እማማ። እርጥበት በልቶታል።”

ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

“አይዞሽ። ያንቺ ጥፋት አይደለም። ይህችንም ያተረፍሽልኝ አንቺ ነሽ። እጅሽን ይባርከው።”

“አሜን” አልሁ። እንዲህ ያለ አሜን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ በየረቡዑ መምጣት ጀመሩ። ከጓሯቸው የለቀሙትን ዘይቱን በፌስታል ቋጥረው ያመጡልኛል፤ ይቀመጣሉ፣ የእናታቸውን ድምፅ ይሰማሉ፣ ይመርቁኛል፣ ይሄዳሉ። ዘይቱኑን መብላት አቃተኝ፤ ለዘበኞቹ እሰጥ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ዓባይ ማዶ ካለው ቤቴ ወጥቼ ባጃጅ ስጠብቅ “ዛሬ ይቅሩልኝ” ብዬ የተመኘሁባቸው ቀኖች አሉ። አንድ ረቡዕ እንዲያውም ስብሰባ አለኝ ብዬ ለዘበኛው ነግሬ ቢሮዬ ውስጥ ተደበቅሁ። ከመስኮቱ ጥግ ሆኜ ፌስታላቸውን ለዘበኛው ሰጥተው ሲመለሱ አየኋቸው።

የጠፋውን ለመመለስ ያልሞከርሁት የለም። ኮምፒውተር ክፍል ያለ ባልደረባዬ ሁለት ቀን ሙሉ ፈለገልኝና፣ “በላዩ ብዙ ነገር ተጽፎበታል፤ ተይው፣ የለም” አለኝ። ዋናውን ክር ከሣጥኑ አውጥቼ እንደገና ጫንሁት። ማጫወቻው እንደታመመ ሰው አቃሰተ፣ ቡናማ ዱቄት ጣቴ ላይ ቀረ፣ ከዚያ ሹ የሚል ነገር ብቻ። ክሩን ወደ መስኮቱ ይዤ ባየው በውስጡ ሐይቁ ይታያል፤ ጥርት ያለ ላስቲክ ሆኗል።

እናቴ በሕይወት አለች። በየቀኑ ትደውልልኛለች፣ እኔም ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ ነኝ ብዬ እዘጋባታለሁ። በዚያ ሰሞን ግን ስትደውል ማውራት አቅቶኝ ዝም ብዬ እሰማት ነበር። “ምን ሆነሻል?” ትለኛለች። “ምንም” እላታለሁ። እሷንም ዋሸኋት ማለት ነው።

በጥር አጋማሽ፣ ረቡዕን ሳልጠብቅ፣ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ዘንዘልማ ሄድሁ። አዳዲስ የብሎኬት ቤቶች በጤፍ ማሳው መሃል ብቅ ብቅ ያሉበት ሰፈር ነው፤ የአሸዋ ክምርና የጭድ ክምር ጎን ለጎን ይታያል። እማማ በረንዳቸው ላይ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ይለቅማሉ። ሲያዩኝ ደነገጡ።

“ምነው ልጄ? አመመሽ እንዴ?”

አልተቀመጥሁም። ከተቀመጥሁ ሌላ ወሬ እንደማመጣ ስለማውቅ ቆሜ ነገርኋቸው።

“እማማ፣ ክሩ አልተበላሸም ነበር። የቆረጥሁት እኔ ነኝ።”

“ቆረጥሽው ማለት?”

“ሰምቼው ነበር። ሳልዎትን ሰምቻለሁ። እናትዎ ሲያነሡዎት፣ ሲያናግሩዎት ሰምቻለሁ። ቋንቋውን አላውቀውም፣ ቦታም ጠቦኝ ነበር፤ አይጠቅምም ብዬ አጠፋሁት። በኋላም ዋሸሁዎት።”

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። ይጮኹብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ቀስ ብለው፦

“ሰምተሽዋል?” አሉኝ።

“አዎ።”

“እስቲ ምን ትመስል ነበር? ተቆጥታ ነበር?”

ይህን አልጠበቅሁም። “አልተቆጡም” አልሁ። “ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ፈጠን ፈጠን ይላሉ። መሃል ላይ የሳቁ መሰለኝ።”

“መሰለሽ?”

“በደንብ አላዳመጥሁም፣ እማማ።”

ከተናገርሁት ሁሉ ያቺ ቃል ናት የከፋችው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። በዓለም ላይ ያንን ንግግር የሰማች የመጨረሻዋ ሰው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ምሳ እያሰብሁ ነበር።

“ያን ቀን እጅሽን ስመርቅ አሜን አልሽኝ?”

“አዎ።”

“በየሳምንቱ ስመጣስ?”

“አዎ።”

ሰፌዱን ወደ ጎን አስቀመጡት። “በይ ሂጂልኝ። አልረግምሽም። ብቻ አሁን ሂጂልኝ።”

ሄድሁ። ሚኒባስ እስኪመጣ እንኳ መቆም ስላልቻልሁ አስፋልቱን ይዤ በእግሬ ብዙ ተጓዝሁ። ከተናገርሁ በኋላ ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም።

በማግሥቱ ለኃላፊዬ ነገርሁት። ከቆረጥሁት ክር ዝርዝር አጠገብ፣ “መጨረሻው በባለሙያዋ ስህተት ተቆርጦ ጠፍቷል” ተብሎ እንዲጻፍ ጠየቅሁት። ተናደደ።

“አንቺ ራስሽን መክሰስ ከፈለግሽ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ” አለኝ። “ይህ የኮሌጁ መዝገብ ነው። ማን ያውቃል? እርጥበት ብለሽ ጻፊ።”

“እርጥበት ብዬ አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ” አልሁት።

ጻፍሁት። እሱም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልኝ። አልተከፋሁበትም፤ ደብዳቤው ላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው።

እማማ የሁዳዴን ጾም ሙሉ አልመጡም። ከፋሲካ በኋላ አንድ ረቡዕ በሩ ተንኳኳና ገቡ። ፌስታል አልያዙም። ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

“ይቅር ልልሽ አልመጣሁም” አሉኝ። “ገና አልወጣልኝም። አንድ ነገር ልነግርሽ ነው።”

የጆሮ ማዳመጫዬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ።

“ፋብሪካ ስገባ ልጅ ነበርሁ። እናቴ ምሳ ልታደርስልኝ በሩ ድረስ ትመጣና በአገውኛ ትጠራኛለች። ጓደኞቼ ይስቃሉ። አንድ ቀን፣ ‘እዚህ እንደዚህ እያልሽ አትጥሪኝ’ አልኋት፣ ሰው ፊት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት በአማርኛ ነው ያናገረችኝ። አማርኛዋ ደግሞ እንዲያው ስብርብር ያለ፤ የምትፈልገውን ግማሹን እንኳ መናገር የማትችልበት ነበር። አንቺ ስምንት ደቂቃ ቆረጥሽ። እኔ ሃያ ዓመት ቆርጫለሁ።”

የእርስዎም የእኔም አንድ ነው ብዬ ሸክሙን ተካፈልን ለማለት አልደፈርሁም። የእሳቸው ከልጅነት የመጣ ነው፣ የእኔ ከንቀት። እንዲያ ስላቸው፣ “እሱን ለእግዜር ተይው” አሉኝ።

የመጡት የቀረችውን ታሪክ ቃል በቃል ለማወቅ ነበር። ኮሌጁ ውስጥ ከእንጅባራ የመጣች የአገውኛ መምህርት አለች፤ ለመንኋትና መጣች። ሦስታችን ተቀመጥን። መምህርቷ አንድ ዓረፍተ ነገር እያሰማች እያቆመች ትተረጉማለች፣ እማማ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ከእናታቸው ጋር ይደግማሉ። አንዳንዱ ቃል ከየት እንደመጣ ሳያውቁት ተመልሶ ይገባላቸውና በደስታ ጠረጴዛውን ይመታሉ። ወደ መጨረሻው ስንደርስ መምህርቷ ግንባሯን ቋጠረች።

“እዚህ ጋ ትቸኩላለች” አለች። “ቃላት ትውጣለች። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እንዲያውም አልጨረሰችውም።”

እኔ ይህን አውቀው ነበር። ስገለብጥ በሞላሁት ቅጽ ላይ፣ የአነጋገር ጥራት በሚለው ቦታ፣ “ደካማ፤ መጨረሻ ላይ ትቸኩላለች” ብዬ ጽፌያለሁ።

እማማ ግን ቀና አሉ። “እየቸኮለችልኝ ነበራ!” አሉ። “ሳሌን ሳፍን እያየችኝ ነው። ቶሎ ልትጨርስልኝ ነው።” እና አለቀሱ፤ ከመጡ ጀምሮ ሲያለቅሱ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። መምህርቷም ዓይኗን ጠረገች። እኔ ማልቀስ አይገባኝም ብዬ ማጫወቻውን መነካካት ጀመርሁ።

አሁን እማማ ከመምህርቷ ጋር በሳምንት አንድ ቀን ይገናኛሉ፤ አገውኛቸውን እንደ ተማሪ በደብተር ይጽፋሉ። እኔ ድምፃቸውን ልቅዳው ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው ነበር። “አይሆንም” አሉኝ፣ ያለ ቁጣ። “አንቺ እጅ ላይ አላስቀምጠውም።” እውነታቸውን ነው። ሰላም እንባባላለን፤ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ያወሩኛል። ምርቃቱ ግን ቀርቷል።

ለማንም ያልተናገርሁት ሌላም ነገር ነበር። ያን ልማድ በያዝሁበት ጊዜ መጨረሻውን የቆረጥሁበት ክር የአገውኛው ብቻ አይደለም። ተቀምጬ አንድ በአንድ አሰብሁ፣ ማስታወሻዎቼን አገላበጥሁ፤ ሌሎች አሥራ አንድ ናቸው። ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም። አንዱ ተናጋሪ የዶሮ ጩኸት ሲያቋርጠው ስቆ ከፈረንጇ ጋር ያወራ ነበር። አንዷ አንጎራጉራ ነበር መሰለኝ። የቀሩትን አላስታውስም፣ ይህም ራሱ ይከነክነኛል። አሥራ አንዱንም መዝገቡ ላይ ጻፍኋቸው፤ ኃላፊዬ በዚህኛው ምንም አላለኝም፣ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ከዚያ ቤተሰቦቹን መፈለግ ጀመርሁ። ፈረንጇ በክሮቹ ልባስ ላይ የጻፈችው የአገር ስም አለ፣ ሰውም ሰውን ያውቃል።

ባለፈው ወር ባለ ዶሮው ሰው ዘመዶች እንፍራንዝ እንዳሉ ሰምቼ በጠዋቱ መኪና ወጣሁ። የሰውየው ልጅ ዛሬ ሽማግሌ ሆነዋል፤ ሽንኩርት እያስኮተኮቱ ማሳ ዳር አገኘኋቸው። የአባታቸውን ድምፅ በትንሽ ማስቀመጫ ይዤላቸው ነበር። ከቦርሳዬ ከማውጣቴ በፊት፣ ከመጨረሻው ላይ የቆረጥሁት እንዳለ፣ ሳላስበው ሳይሆን እያወቅሁ እንደቆረጥሁት፣ ሊመለስ እንደማይችል ነገርኋቸው።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከማሳው ወደ እኔ መለሱ።

“ምን ያህል ነው የጎደለው?”

“ሦስት ደቂቃ ይሆናል፣ አባቴ።”

“ታስታውሺዋለሽ?”

“ዶሮ ጮኾ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልያዝሁትም።”

እጃቸውን በጋቢያቸው ጠራረጉ፣ የሚኮተኩቱትን ሰዎች ጠርተው ሥራውን አስቆሟቸው።

“እሺ” አሉኝ፣ ድንጋይ ላይ እየተቀመጡ። “የቀረውን አሰሚን።”